ታይቺው ይግባ፣ «ገዳይ ነጥቡ» ይቅር፦ የጣና ዳሩ የሦስት ወር ሥልጠና

ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ሣር ላይ የሚሰጠው የቻይና «የውስጥ ጥበብ» ሥልጠና ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ወር አቋቋምና በዝግታ የሚሠራው የቻይና የፍልሚያ ጥበብ ታይቺ ነው። ሁለተኛው ወር ቻይናዎቹ ቱዪ ሾው የሚሉት የጥንድ መገፋፋት ነው። ሦስተኛው «የነርቭ ነጥብ ፍልሚያ» ይባላል፣ የተወሰኑ የአካል ነጥቦችን መምታትና መጫን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይሰጣል፣ ክፍያውም ለብቻው ነው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ሁለቱ ወራት የተከፈለባቸውን ያህል ይሰጣሉ፣ ሦስተኛው አይሰጥም። አንገት ላይ የሚሠራው ክፍል ደግሞ ከገንዘብ ኪሳራ ያለፈ ነው፤ ሰው ይጎዳል። የሥልጠናውን ስም አንጠራም። ይህንኑ ሥርዓት የሚከተል ማንኛውም ቦታ በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

«የውስጥ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንዱ ምሥጢራዊ ኃይል ሲጠብቅ ይመጣል፤ ሌላው ባዕድ አምልኮ መስሎት ይሸሻል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1669 ቻይናዊው ምሁር ህዋንግ ዞንግሺ በጻፈው የመቃብር ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ታይቺን ከሌሎቹ ሁለት የቻይና የፍልሚያ ጥበቦች፣ ከባጓና ከሺንግዪ ጋር እንደ አንድ ቤተሰብ አድርጎ መቁጠር የጸናው ግን ሦስቱንም ያስተማረው ሱን ሉታንግ (1860–1933 እ.ኤ.አ.) ከጻፈና ካስተማረ በኋላ ነው። በሥራ ሲተረጎም ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ጉልበቱ ከክንድ ጡንቻ አይነሳም፤ ከመሬት ተነሥቶ በእግር፣ በዳሌና በወገብ አልፎ ሳይቆረጥ እጅ ላይ ይደርሳል። የቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህን ያውቀዋል። ክንዱን አደንድኖ የሚወናጨፍ ጅራፉን አያጮኸውም። የሚጮኸው እጅ ቆም ሲል እንቅስቃሴው በገመዱ አልፎ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው። አሠልጣኙ ይህን ምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠቀሙበታል፣ ሠልጣኙም ወዲያው ይገባዋል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማንም።

ሥልጠናው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ነው። ሰዓቱ በደንብ ተመርጧል፤ ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ ፀሐይዋም አታቃጥልም። ቦታው ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ሣሩ በጠዋት ጤዛ ይዞ ይቆያል፤ በአንድ እግር ላይ ሆኖ ሲዞሩ ተረከዝ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ የልምምዱ መስመር ለደንገሉ በጣም ይቀርባል። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃ የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው፤ ሰው በእሱና በውኃው መካከል ሲቆም አይወድም። ሃያና ሠላሳ ሜትር ወደ መንገዱ ቢጠጉ የሚጎድል ነገር የለም። ትንኙም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ የአቋቋም ናቸው፣ በቻይንኛው ዣን ዡዋንግ። ለመደባደብ የመጣ ወጣት በዚህ ይሰለቻል፤ ብዙው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ከጠቅላላው ሥልጠና እጅግ ጥንቃቄ የታየበት ክፍል ይህ ነው። እግሮች በትከሻ ልክ ይከፈታሉ፣ ጣቶች ወደ ፊት ትይዩ ይሆናሉ፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፤ ቁልቁል ሲያዩ የጉልበት ሎሚ የእግር ጣትን ጫፍ ማለፍ የለበትም። የጭራ አጥንት በክብደቱ ወደ ታች ይለቀቃል እንጂ ወደ ፊት አይጎተትም። ክንዶች በደረት ፊት ተከፍተው ክብ ይሠራሉ። ቻይናዎቹ ዛፍ ማቀፍ የሚሉትን እዚህ «እንስራ ማቀፍ» ብለውታል፤ ይሄ ከዛፉ ይሻላል። እንስራ ያቀፈ ሰው አጥብቆ ቢጨምቀው ይሰበራል፣ ቢለቀው ይወድቃል። የሚፈለገውም ይኸው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

በመጀመሪያው ቀን 3 ደቂቃ ይቆማል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተጨመረ በወሩ መጨረሻ 10 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። አጨማመሩ ትክክል ነው። ከመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ የሚያስቆም አሠልጣኝ ካለ ጡንቻን እንጂ አቋቋምን አያስተምርም፤ ሰውየው ሲደክመው የሚቆመው በተሳሳተ መገጣጠሚያ ላይ ነውና።

ከአካባቢው ሰው ጋር የሚመጣ አንድ ልዩ ነገር አለ። ቅዳሴ ቆሞ ያደገ ሰው ቆሞ መቆየት አያቅተውም፤ የሚያቅተው ጉልበቱን ሳይቆልፍ መቆም ነው። ለዓመታት መቋሚያ ተደግፎ ወይም ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ የለመደ አካል፣ እዚህም ሲደክመው ጉልበቱን ወደ ኋላ ገፍቶ አጥንት በአጥንት ላይ ያሳርፋል። ያን ጊዜ የባት ጡንቻ ሥራ ያቆማል፣ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ራስ ያዞራል። አሠልጣኙ በየደቂቃው እየዞሩ የጉልበትን ጀርባ በሁለት ጣት ይነካሉ። ጠንክሮ ካገኙት «ልቀቂው» ወይም «ልቀቀው» ይላሉ፤ ለትልልቆቹ «ጋሼ፣ ትንሽ ይልቀቁት»። ይህ ትንሽ የሚመስል ንክኪ ሥልጠናውን ከቪዲዮ ለይቶ የሚያስከፍል ነገር ነው።

የጎደለው የጾሙ ጉዳይ ነው። ከሦስቱ ቀናት ሁለቱ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። የሚጾመው ሰው ልምምዱን ጨርሶም እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምስም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቀኑ ሁሉ እንዲያ ነው። በነዚህ ቀናት የመቆሚያውን ጊዜ በግማሽ ቀንሶ የቀረውን በዝግታ መራመድ ላይ ማዋል ይገባ ነበር። የታይቺ እርምጃ ባትን ስለሚያሠራ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። አሁን ባለው አሠራር ሁሉም እኩል ይቆማል። ላብ ቀዝቀዝ ብሎ ከመጣ፣ አፍ ከደረቀ ወይም ዓይን ብዥ ካለ ፈቃድ ሳይጠብቁ ቁጭ ማለት ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ባለ 24 እንቅስቃሴው ታይቺ ይገባል። ይህ ፎርም (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት) እ.ኤ.አ. በ1956 በቻይና የስፖርት ኮሚሽን የተዘጋጀ ነው፤ የያንግ ቤት ከሚባለው የታይቺ ስልት ረጅም ፎርም ተመርጦ ለሰፊው ሕዝብ አጥሯል። ሙሉው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይወስዳል። በወሩ ውስጥ የሚሸፈነው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ብቻ ሲሆን ቀሪው በሁለተኛው ወር ይጨመራል። «በአንድ ወር 24ቱን» የሚል ማስታወቂያ ከሚለጥፍ ይህ ይሻላል። ታይቺ የመነጨው በሄናን ክፍለ ሀገር ከቼን መንደር ነው፤ የያንግ ቤት የወጣውም እዚያ ተምሮ በሄደው በያንግ ሉቻን (1799–1872 እ.ኤ.አ.) ነው። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቦታል። ይህን የምንለው ሥልጠናው ላይ የሚሰማውን «የአምስት ሺህ ዓመት ጥበብ» የሚል ወሬ ለማስቆም ነው።

ፎርሙ ላይ የሚበላሸው ጉልበት ነው። በታይቺ ሲዞሩ አንድ እግር ክብደት ተሸክሞ ሌላው ባዶ ይሆናል። ክብደት የተሸከመውን እግር ተክሎ ወገብን ብቻ ካዞሩ ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ጉልበት ደግሞ ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ክብደቱን ወደ ኋላ እግር አዛውር፣ የፊተኛውን ጣት በተረከዝ ላይ አዙር፣ ከዚያ ክብደቱን መልስ። ጉልበት ምንጊዜም ወደ ሁለተኛው የእግር ጣት ማመልከት አለበት። የክፍሉ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው «የዱር ፈረስ ጋማ» የሚሉት ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ሲሄድ እርምጃው በአንድ መስመር ላይ እንደ ገመድ ተራማጅ ይሆናል። በሁለቱ እግሮች ተረከዝ መካከል ወደ ጎን ቢያንስ አንድ ጭብጥ ያህል ቦታ ካልተተወ ሚዛን ይጠፋል፣ ሚዛኑን ለማዳን ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል። አሠልጣኙ ይህን አይተው ያርማሉ፤ ግን ሠልጣኙ 20 ሲሞላ መድረስ አይችሉም። ከ12 ሰው በላይ ካለ ረዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስሕተት የጎጃም ሰው ስሕተት ነው ብንል አይቀየሙን። እስክስታ የሚችል ትከሻ በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይናገራል። ታይቺ ደግሞ ትከሻ ዝም እንዲል ይፈልጋል፤ ትከሻ ወርዶ፣ ክርን ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ እጅ የሚንቀሳቀሰው ወገብ ስለዞረ መሆን አለበት። መልካሙ ዜና እስክስታ የሚያውቅ ሰው ትከሻውን ለይቶ ስለሚሰማው መልቀቁንም ቶሎ ይማራል። ደንዳና ትከሻ ይዞ ከሚመጣ የጂም ሰው ይቀድማል።

ለአረጋውያን ይህን ወር ያለ ማመንታት እንመክራለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ታይቺ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን መውደቅ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ዝግታው፣ በአንድ እግር መቆሙና ክብደትን በጥንቃቄ ማዛወሩ ለዚህ ሥራ የተበጀ ያህል ነው።

የጥንድ መገፋፋቱ ከሦስቱም የላቀው ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የእጃቸውን አንጓ ያገናኛሉ፣ እግር ሳያነሡ ክብ ያዞራሉ። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ወገቡን አዙሮ ያሳልፈዋል። በመጀመሪያ በአንድ እጅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሁለት እጅ፤ እዚያ ላይ አራቱ መሠረታዊ የኃይል ዓይነቶች ይገባሉ፦ ፐንግ (እንደ ተነፋ ኳስ ወደ ውጭ መሙላት)፣ ሉ (የመጣውን ወደ ጎን መሳብ)፣ ጂ (ተጠግቶ መጫን)፣ አን (ወደ ታች ከዚያ ወደ ፊት መግፋት)። ዓላማው ማሸነፍ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ክብደት በንክኪ ማዳመጥ ነው።

እዚህ የሚበላሸው መደገፍ ነው። ሠልጣኙ ሳያውቀው ክብደቱን በጓደኛው ክንድ ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱም እንደ ተደጋገፉ ሁለት እንጨቶች ይቆማሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱ እጁን በድንገት ያንሳ። ሌላው ወደ ፊት ከተንገዳገደ ተደግፎ ነበር ማለት ነው። አሠልጣኙ ይህን ፈተና በየአምስት ደቂቃው ያሠራሉ፣ ጥሩ አድርገው። ሌላው ስሕተት በክንድ መግፋት ነው። በክንድ ብቻ የገፋ ሰው ትከሻው ይነሳል፣ ተረከዙ ይቀላል። የኋላ ተረከዝ መሬቱን ሲጫን ግፊያው በራሱ ይመጣል። በደንገል ታንኳ ላይ ቀዛፊው እንዴት እንደሚያደርግ ከዚያው ዳር ሆኖ ማየት ይቻላል። ክንዱ መቅዘፊያውን ይይዛል፣ ወገቡ ይሄዳል።

የዚህ ወር ጉድለት ነጻ ልምምድ አለመኖሩ ነው። ሁሉም እግር ተክሎ፣ ተስማምቶ፣ በዝግታ ነው። ይህ ለትምህርት ደህና ነው፤ «ራስን መከላከል» ብሎ መሸጥ ግን አይገባም። ጓንት የለም፣ የሚንቀሳቀስ ተቃራኒ የለም፣ ያልታሰበ ቡጢ የለም። በሚያዝያ 2017 (እ.ኤ.አ.) በቼንግዱ የነጻ ፍልሚያ ተጫዋቹ ሹ ሺያዎዶንግ የታይቺ መምህር ነኝ ያለውን ዌይ ሌይን በጥቂት ሰከንዶች ጣለው። ነገሩ ታይቺ ዋጋ የለውም የሚል አልነበረም። የሚቋቋም ሰው ላይ ያልተፈተነ ችሎታ በሚቋቋም ሰው ፊት ምን እንደሚሆን ነበር ያሳየው። ከሦስት ቀናት አንዱን የቦክስ ጓንት አድርጎ በግማሽ ጉልበት መሞከር ቢጨመር ሥልጠናው ሌላ ደረጃ ይይዝ ነበር።

ባጓና ሺንግዪ በመጨረሻው ሳምንት «ለማስተዋወቅ» በሁለት ቀን ይታያሉ። የባጓ በክብ መራመድና የሺንግዪ አምስት ምቶች በሁለት ቀን አይያዙም፤ እንደ ጉብኝት ይቆጠር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ክፍል እንምጣ። ለአራት ቅዳሜ 2,500 ብር ይጠየቃል፤ ከሁለቱ ወራት የእያንዳንዱ ክፍያ (1,200 ብር) እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ ጋር 400 ብር የሚሸጥ የግድግዳ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ያሉት የአኩፓንክቸር፣ ማለትም መርፌ በመውጋት የሚሰጠው የቻይና ሕክምና፣ ነጥቦች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ቦታቸውን ደረጃ ያወጣላቸው 361 ነጥቦች አሉ፤ ሥዕሉም ከዚያ መሰል ምንጭ የተገለበጠ ነው። ሥዕሉ ለመርፌ የተሠራ ነው። ለምት የሚሆነውና ለመርፌ የሚሆነው ነጥብ አንድ አይደለም። ለፍልሚያ የሚነገሩት 108 ናቸው፣ ከነሱም 36ቱ ገዳይ ናቸው ይባላል። ሥዕሉ ላይ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ምልክት የለም።

የአለካኩም ትምህርት ይስታል። የቻይናው መለኪያ ጹን የሚባለው የሰውየው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ አራት ጣት ተገጥሞ ሦስት ጹን ይሆናል። «የራሱ» የሚለው ነው ቁልፉ። በትንሽ ልጅ ላይ በአሠልጣኙ አውራ ጣት ሲለካ ነጥቡ ሌላ ቦታ ይወጣል። በልምምዱ ሁሉም በአሠልጣኙ ጣት ይለካል። ኔይጓን የሚባለው ነጥብ ከእጅ አንጓ መስመር 2 ጹን ወደ ላይ ነው፤ በሁለት ትልልቅ አውራ ጣት ከተለካ በቀጭን እጅ ላይ ወደ ክርኑ ይሸሻል።

የታደለው ወረቀት ደግሞ የሚያስቅ ስሕተት አለበት። በባህላዊው የቻይና ሐሳብ ቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ባላቸው አሥራ ሁለት ክፍሎች ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ የአካል ክፍል ይሰጣል፤ ትልቁ አንጀት ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይላል። ያ በፈረንጆች ሰዓት ንጋት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሳይቀየር ስለተባዛ ሠልጣኙ እኩለ ቀን አድርጎ ይይዘዋል። ስሌቱ ራሱ ምት በየሰዓቱ ውጤቱ እንደሚለያይ የሚያሳይ መሠረት የለውም። «በዚህ ሰዓት ከመታኸው ይሞታል» ብሎ የሚያስተምር ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት መሳት አልነበረበትም።

ነጥቦቹ ጭራሽ አይሠሩም ማለታችን አይደለም። የሚሠሩት ነርቭ ከቆዳ በታች ቅርብ ሆኖ አጥንት ላይ ሲተኛ ነው፤ ከላይ ሲመታ መሸሻ የለውም። ክርኑን ጠርዝ ላይ የመታ ሰው ትንሿ ጣቱ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው ያውቀዋል፤ ያ ነርቭ እዚያ አጥንት ላይ ስለሚያልፍ ነው። በላይኛው ክንድ ውጭ በኩል መሐል ላይ ሌላ ነርቭ አጥንቱን ይጠመጠማል፤ ክንዱን ወንበር ጀርባ ላይ ጥሎ የተኛ ሰው ጠዋት የእጅ አንጓው አልነሳ የሚለው እሱ ተጭኖ ነው። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ጉብ ካለችው አጥንት አንገት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ደግሞ ሲጎዳ የእግር ጣት ማንሳት ያቅታል። ሥዕሉ የሚያሳያቸው አንዳንድ ነጥቦች ከነዚህ ቦታዎች አጠገብ ይወድቃሉ። የሚሠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ቦታውን ማወቅ ላይ አይደለም፤ ማግኘት ላይ ነው። ሄጉ የሚባለው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ነጥብ ሠልጣኞቹ ሲጫኑት ያስጮሃል፤ ግን እጁን ዘርግቶ ለሰጠ ሰው ነው። ጭብጥ ሲሆን ሥጋው ይወጠራል፣ ነጥቡ ይሸፈናል። የተናደደ ሰው ሕመም ያነሰ ይሰማዋል። ጃኬት ወይም ጋቢ የለበሰ ክንድ ላይ የጣት ምት አይደርስም። የጣና ዳር ልምምዱ ግን ቆሞ በሚጠብቅ ጓደኛ ላይ ነው። እነዚህ ነጥቦች የድሮ ቦታቸው ጪን ና በሚባለው የመያዝ ጥበብ ውስጥ ነው፤ እጅ ተይዞ፣ ተዘርግቶ፣ ሰውየው ሚዛኑን አጥቶ ሳለ ይጫናሉ። ያ ደግሞ ከጥንድ መገፋፋቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ነው። በሁለተኛው ወር ውስጥ በነጻ ቢገባ ኖሮ ቅዳሜው ባላስፈለገ ነበር።

ልምምዱ ራሱ አደገኛ ነው። ሠልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከክርን በታች ያለውን የክንድ ሥጋ በየተራ 20 ጊዜ ይማታሉ፤ «ነርቩ እንዲለምድ» ተብሎ ነው። ነርቭ በመመታት አይለምድም፤ ያብጣል፣ ይጎዳል። የሚሻለው በአውራ ጣት ቀስ እያሉ መጫን፣ መንዘር ሲጀምር ማቆም፣ በአንድ ቀን አንድን ቦታ ከሁለትና ሦስት ጊዜ በላይ አለመንካት ነው። ከልምምድ በኋላ ድንዛዜው ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ ለሳምንት ያንን እጅ ማሳረፍ ይገባል። አንጓ ወይም የእግር ጣት አልነሳ ካለ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም ይኬዳል፤ መታሸት ያበጠን ነርቭ ያባብሰዋል። ለማሻሸት የሚሸጠው ጠርሙስ ቅባት ላይ ምን እንደተጨመረ አልተጻፈም። በዚህ ዓይነት የቻይና ቅባቶች ውስጥ መርዛማ ሥር የሚገባባቸው ስላሉ በተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባም፣ አይጠጣም፤ ከልጆችም ይራቅ።

የመጨረሻው ቅዳሜ አንገት ነው። ረንዪንግ የሚሉት ነጥብ ከማንቁርቱ ጎን፣ የደም ወሳጁ ቧንቧ ትርታ የሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያው ቧንቧ ላይ የደም ግፊትን የሚለካ ስሜት ያለው እብጠት ቢጤ አለ። በድንገት ሲጫን አንጎል «ግፊቱ ጨምሯል» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ልብን ያዘገያል፣ ግፊቱን ያወርዳል፤ ሰው ይዝለፈለፋል። ስለዚህ ተአምር የለም፤ እውነተኛ የአካል ሥርዓት ነው። አደጋውም እዚያው ነው። ምቱ የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ሊቀድ ይችላል፤ ውጤቱ ስትሮክ ሆኖ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ እዚያ የተከማቸ ስብ ካለው ቁራሹ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሐኪሞች ይህንኑ ቦታ ለምርመራ ሲጫኑ አስቀድመው በማዳመጫ ያዳምጣሉ፣ የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ያገናኛሉ፣ በአንድ ወገን ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናሉ። በሣር ላይ ይህ ሁሉ የለም። «የዘገየ ሞት ምት» የሚባለው አፈ ታሪክም የተወለደው ከእንዲህ ያለው ነገር ሊሆን ይችላል፤ የተቀደደ ቧንቧ ወይም ቀስ እያለ የሚደማ ጣፊያ ከቀን በኋላ ይገድላል፣ ሚስጥራዊ ጣት አያስፈልገውም።

በማሳያው ላይ የተመረጠ ሠልጣኝ ሁለት ምት ተቀብሎ ይወድቃል፤ ከዚያ አሠልጣኙ ቁጭ አድርገው ጀርባውን መታ መታ ሲያደርጉት ይነቃል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። የሚወድቀው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የተነገረውና ትንፋሹን ይዞ የቆመ ሰው ነው፤ መጠበቁ ራሱ ግማሹን ይሠራል። የሚነቃው በመመታቱ አይደለም፤ ሲወድቅ ደሙ ወደ ራሱ ስለተመለሰ ነው፣ ባይነካም ይነቃ ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፦ የተዝለፈለፈን ሰው ቁጭ ማድረግ ስሕተት ነው። በጀርባ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሹን ማየት ነው የሚገባው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከደከመ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ ባጃጅ አስቁሞ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መውሰድ ነው፤ እስኪሻለው መጠበቅ የለም።

ደረት ላይ የሚመታው «የልብ ነጥብ» ልምምድም ይቅር። ልብ በሚመታበት ዑደት ውስጥ በጣም አጭር የሆነ ቅጽበት አለ፤ ደረት ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ያልሆነ ምት እንኳ በዚያች ቅጽበት ከገጠመ የልብን ምት ሊያውክና ሊያስቆም ይችላል። በስፖርት ሜዳ በኳስ ተመትተው የወደቁ ወጣቶች የሚታወቁት በዚህ ነው። ቅጽበቷን መርጦ የሚመታ ማንም የለም፤ በአጋጣሚ የሚያገኛት ግን አለ።

መመዝገብ ለሚፈልግ፦ ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ደረሰኝ ይጠይቁ። ስስና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይበቃል፤ ተረከዙ የወፈረ የሩጫ ጫማ ክብደትን ወደ ፊት ይጥላል፣ ሲዞሩም መሬት ይዞ ጉልበትን ይጠመዝዛል። ባዶ እግር በሣሩ ውስጥ እሾህ ስላለ አይመከርም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚበዛ ሥልጠናው ጣሪያ ወዳለው በረንዳ ይዛወራል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሲርስ በጣም ያንሸራትታል፤ በነዚያ ወራት መጀመር አይመረጥም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠልጣኝ ሄጉን ጭራሽ ማስነካት የለባትም፤ ይህን የቻይናው ሕክምና ራሱ ይከለክላል። ጉልበቱ የታመመ ሰው ፎርሙን ከፍ ባለ አቋቋም ይሥራ፣ አሠልጣኙ ይህን ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ።

ለሦስተኛው ወር የታሰበውን 2,500 ብር ይዞ ሁለተኛውን ወር ሁለት ጊዜ መድገም ይቻላል፤ አሠልጣኙ መድገምን አይከለክሉም፣ ክፍያውም ያው 1,200 ብር ነው። የተረፈው 100 ብር ለባጃጅ።